ፋሲካ ሳይደርስ የታቀደው ማድቤት

ከጎሬ ወደ መቱ ይወርድ የነበረውን ያንን ሚኒባስ ያየ ሰው፣ ኢሉባቦር ውስጥ ያልተቆረጠ ዋንዛ አልቀረም ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። ጣራው ላይ የተከመረው ጣውላ ከመኪናው ይበልጥ ነበር። ሾፌሩ በየመታጠፊያው የሚያውቃቸውን ታቦታት ሁሉ በስም ይጠራል። የጣውላው ባለቤት ጋሼ ኩምሳ ግን ተደላድለው ተቀምጠው፣ ስለሚያሠሩት የማድቤት ቁምሳጥን ለተሳፋሪው ያወጋሉ። ድምፃቸው የሶርን ፏፏቴ ዝም ያሰኛል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ከጎናቸው ቦታ የደረሳት የጎረቤታቸው የጋሼ እንድሪስ ልጅ ሰሚራ ነበረች። አያቷ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን መቱ ተወልዳ፣ የግንባታ ሙያ ተምራ፣ ጎሬ ላይ የሕንፃ ሥራ ትቆጣጠራለች። ጣራው ስላልበቃ አንዱ ጣውላ በወንበሮቹ መካከል ተጋድሟል። ሰሚራ በጥፍሯ ጫን ስታደርገው እንጨቱ ወዛ።

“ጋሼ ኩምሳ፣ ይህ እንጨት መቼ የተሰነጠቀ ነው?”

“በዚሁ ሳምንት ነው ልጄ። ትኩስ ነው፣ እንደ ዳቦ።”

“ቁምሳጥኑስ መቼ ሊሠራ ነው?”

“ነገ ይጀመራል። ፋሲካ ሊደርስ ምን ቀረው? ከወለል እስከ ጣራ፣ አራቱንም ግድግዳ ነው የማለብሰው። እንዲህ ያለ ማድቤት መቱ አላየችም፤ በደሌም አላየችም፤ አዲስ አበባን እንጃ።”

“አራቱንም ግድግዳ? በሩስ?”

ጋሼ ኩምሳ ጥቂት አሰቡ። “በሩ ይቀራል” አሉ።

ነገሩ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን አልነበረም። ጋሼ ኩምሳ ባለፈው ሳምንት ሞቅ ብሏቸው የድሮውን መደርደሪያ ነቃቅለው፣ የምድጃውን መደብ አፍርሰው፣ የውኃውን ቧንቧ ሳይቀር ቆርጠው ጥለዋል። ዝናቡም ገብቷልና ደጅ አያስበስልም። ስለዚህ ባለቤታቸው እትዬ ጊፍቲ የምታበስለው በሰሚራ እናት በእትዬ ዘሀራ ማድቤት ነው። ጾሙ እስካለ ድረስ ችግር የለም፤ ሽሮና ጎመን ሃይማኖት የላቸውም። የፋሲካ ዶሮ ግን በእስላም ቤት ድስት አይገባም። ይህን ማንም ለማንም አልተናገረም፤ ሁለቱም ቤት ያውቀዋል። እትዬ ጊፍቲም ባሏን ቁርጡን ነግራቸዋለች፦ “ማድቤቴ ካልተመለሰልኝ፣ በኢሉባቦር ጾሙን በሽሮ የፈታ የመጀመሪያው ክርስቲያን አንተ ትሆናለህ።”

“አናጺው ጉርሙ ስንት እንደሚፈጅ ነገረዎት?” አለች ሰሚራ።

“ሰው ቤቱን ሲያሳምር ገንዘብ ይቆጥራል እንዴ? የተቆጠረ ነገር በረከቱ ይሸሻል። አባቴ ከብቱን አንድ ቀን ሳይቆጥር ሞተ፤ ሜዳው ግን ሞልቶ ነበር።”

“ቡናዎን ታዲያ ሳይመዘን ነው የሸጡት?”

“ላኪ፣ በጭራሽ፣ እንዴት ተደርጎ! ሚዛኑ ግን የነጋዴው ነው፤ የቆጠረው እሱ ነው። በረከት ከሸሸም የሚሸሸው ከእሱ ነው።”

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሰሚራም ሳቀች፤ ግን አልለቀቀቻቸውም።

“ከቡናው ገንዘብ ስንት እጁ ነው ጣራው ላይ ያለው?”

“ግማሹ ይመስለኛል።”

“ማጠፊያው፣ እጀታው፣ ኮላው፣ ቫርኒሹ፣ የጉርሙ የእጅ ዋጋ፣ የቧንቧው ሥራስ? በቀረው ይሸፈናል?”

“እሱን እግዚአብሔር ያውቃል።”

“እግዚአብሔርማ ያውቃል ጋሼ። የማያውቁት እርስዎ ነዎት።”

እውነቱን ለመናገር፣ ሳይቆጥሩ መጀመር የእሳቸው ብቻ ጠባይ አይደለም። ከመቱ እስከ ኡካ ብንሄድ፣ በትልቁ ተጀምሮ በትንሹ እንኳ ያላለቀ በረንዳ የሌለበት መንደር አናገኝም። ጅማሬ ጭብጨባ አለው፤ ፍጻሜ ግን ሒሳብ ይጠይቃል።

“እንጨቱስ?” አሉ ጋሼ ኩምሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እንጨቱ ምን አደረገሽ?”

“እርጥብ ነው። ነገ ተሠርቶ ቀጥ ይላል፤ በወሩ ይጣመምና በሩ አልዘጋ ይላል። ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ በየመሃሉ ቀጭን እንጨት እያስገቡ፣ ጣራ ስር ይደርድሩት። ለከርሞ ወርቅ ይሆናል።”

“ከርሞ? ፋሲካ እኮ ከርሞን አይጠብቅም፣ ኢንተላ ኮ።”

“ልጅዎ ካሉኝማ ይስሙኝ። ከገንዘቡ በፊት አንድ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ የምታበስለዋን ጠይቀዋል?”

አልጠየቁም። ሚኒባሱ ሰፈር ደርሶ ጣውላው ሲወርድ እትዬ ጊፍቲ ከእነ ሰሚራ ማድቤት እጇን እየጠረገች ወጣች። ክምሩን ከታች እስከ ላይ አየችው።

“ቤተ ክርስቲያን ልታሠራ ነው?”

“ቁምሳጥን ነው። እስከ ጣራ” አሉ ጋሼ ኩምሳ።

“እስከ ጣራ የሚደርሰው ማን ነው? ቀጭኔ አግብተህ እንደሆነ ንገረኝ።”

ሰሚራ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ “እትዬ፣ እርስዎ ምን እንዲኖረው ይፈልጋሉ?” አለች።

እትዬ ጊፍቲ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቃ አታውቅም። “ቧንቧው ይመለስልኝ፤ የምድጃዬ መደብም። ከስር፣ እጄ የሚደርስበት፣ ለድስቴና ለእህሌ የሚሆን” አለች። ከዚያ ወደ እነ ሰሚራ ደጅ ዞር ብላ ቀጠለች። “ደግሞ ለብቻዋ የምትቆለፍ አንዲት የቁምሳጥን ክፍል። እናትሽ ይኸው በድስቷ ታበላኛለች። እሷ ግን እኔ ቤት በመጣች ቁጥር ውኃና ቆሎ ቀምሳ ነው የምትሄደው። የእኛ ሥጋ ያልነካው ድስትና ሳህን ለእነሱ ላስቀምጥ እፈልጋለሁ። ማስቀመጫ እኮ ኖሮኝ አያውቅም።”

ጋሼ ኩምሳ ጣውላቸው ላይ ተቀመጡ። ከጋሼ እንድሪስ ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ ጎረቤት ናቸው፤ አራት ግድግዳ ሙሉ ቁምሳጥን አስበው ይህችን አንዲት ክፍል ግን አላሰቡም ነበር።

“እሺ ሰሚራ፣ ቁጠሪ” አሉ።

“እርስዎ ይቁጠሩ ጋሼ፤ ገንዘቡ የእርስዎ ነው።”

ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ቆጠሩ፤ በረከቱ ሲሸሽ እንዳያዩት ይመስላል። ሰሚራም አካሄዱን አስረዳቻቸው፦ ገንዘቡ መጀመሪያ ለቧንቧውና ለምድጃው መደብ፣ ቀጥሎ ለአንድ ግድግዳ የሚበቃ ደረቅ እንጨትና ብረታ ብረት፣ ከዚያ ለጉርሙ የእጅ ዋጋ ይመደባል። ከአሥሩ አንድ እጅ ግን አይነካም።

“የማይነካ ገንዘብ ለምኑ ነው?”

“ላላሰብነው ነገር።”

“ያላሰብነውንም አሰብሽው ማለት ነው” አሉ፤ ቢሆንም አስቀመጡት።

ያላሰቡትም መጣ። ግድግዳው ውስጥ የቀረው ቧንቧ ዝጎ ኖሮ ገና ሲነካ ተፈረካከሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሥራው እዚያው ይቆም ነበር፤ አሁን ግን መጠባበቂያው ወጥቶ ቧንቧው ተቀየረ። ጉርሙም ቁምሳጥኑን እርጥበት እንዳያገኘው ከወለሉ አንድ ጋት ከፍ አድርጎ ሠራው። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው የላይኛው ቁምሳጥን ግን ጣውላው እስኪደርቅና ቡና እስኪሸጥ ለከርሞ ተላለፈ። ዋንዛውን በተመለከተ፣ ጋሼ ኩምሳ ለሙከራ ብለው ፀሐይ ላይ የጣሉት አንድ ጣውላ የበሬ ቀንድ መስሎ ተጣመመ። ያዩት ሰዎች ኮርቻ ይወጣዋል ብለው ነበር።

ፋሲካ ሲደርስ እትዬ ጊፍቲ ዶሮዋን በራሷ ማድቤት ሠራች። ጋሼ እንድሪስም በግቢው አንድ ዶሮ በእጃቸው አረዱ፤ እሱም ለብቻው፣ ከምትቆለፈው ክፍል በወጣ አዲስ ድስት ተሠራ። ሁለቱ ቤተሰብ በአንድ ክፍል፣ በሁለት ገበታ ተቀመጠ።

ጋሼ ኩምሳ ሲናገሩ እቅድ የሚባለውን ነገር ለኢሉባቦር ያመጡት እሳቸው ይመስሉ ነበር። “ስማ እንድሪስ፣ ሰው ሳይቆጥር ከጀመረ ገንዘቡ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ቆጥሮ ከጀመረ ግን ትንሹም ይጨርሰዋል። የምትሠራበትን ሴት ሳይጠይቅ የሠራ ለግድግዳው ሠራ። መጠባበቂያ የያዘ አይለምንም፤ እንጨቱን ያደረቀ ሁለቴ አይገዛም። በረከት ከቆጠራ ይሸሻል የሚሉህን አትስማ። ይኸው ቆጠርኩት፣ አልሸሸም።”

“ይህን ሁሉ ያወቅኸው መቼ ነው?” አሉ ጋሼ እንድሪስ፣ ልጃቸውን በዓይናቸው ጠቀስ እያደረጉ።

ጋሼ ኩምሳ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ በዚህ ቤት ከውኃና ከቆሎ ሌላ ቀምሳ የማታውቀው እትዬ ዘሀራ ሳህኗን ወደ እትዬ ጊፍቲ ዘረጋች።

“ከመረቁ ጨመር አድርጊልኝ” አለች።