ዜና የሚቀዳ ሪሲቨር

ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ሪሲቨር ታቅፈው አጠገባቸው ያለውን የዲሽ ሠራተኛ ይጠይቁታል።

«ሴት ልጄ ከጅዳ የላከችልኝ ነው። ቴሌቪዥን የሚያሳየውን ይቀዳል?»

«ፍላሽ ከተሰካበት ይቀዳል፣ እናቴ።»

«እኔ ሳልኖርም?»

«ሰዓቱን ከሞሉለት ብቻውን ይቀዳል።»

«ያለፈውንስ?»

«ያለፈውን አይመልስም። ምን አምልጦዎት ነው?»

«ወንዱ ልጄ ከዘመተ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ዜና ላይ ከወታደሮቹ መሃል ታየ አሉኝ፤ እኔ ገበያ ነበርኩ።»

«አብሽሩ፣ ዜናውን ሁሉ እንዲቀዳ አድርጌ እሞላልዎታለሁ። ፍላሹ ሲሞላ ግን የድሮውን መደምሰስ ነው።»

«እሱ ያለበትን ለይቶ አያስቀርልኝም?»

«ሰው አይለይም፣ እናቴ።»

«እንግዲያ ወላሂ፣ አንዱንም አልደመስስም።»

መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።