በብብቱ ሥር ያለው ጥቁር ቁስል

(ከሰዓት በኋላ ነው፤ ገበሬው አምባው ግማሽ አካሉና አንደበቱ ተይዞ በወረዳው ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሚስቱ የሻረግ የባሏን ታናሽ ወንድም ስንሻውን የሕመምተኛው ክፍል ደጃፍ ላይ ይዛዋለች።)

የሻረግ፦ አልለቅህም። ዱላውን አስቀምጥና ቁጭ በል።

ስንሻው፦ እትዬ፣ ዞር በይልኝ። ቢራራ ዛሬ በሁለት እግሩ ቆሞ አያመሽም።

የሻረግ፦ ምን አደረገህ?

ስንሻው፦ ትጠይቂኛለሽ ደግሞ? ጎረቤት ሆኖ የማሳችንን ድንበር ገፋ፣ ዝም አልነው። አሁን ወንድሜን ማሳው ላይ ምሳ አብልቶ ጣለልኝ። ብብቱ ሥር ያለውን ጥቁር ቁስል አይተሻል፤ መድኃኒት ያስነካው እዚያ ነው።

የሻረግ፦ የድንበሩን ነገር አምባው ታርቆ ጨርሶታል። ያልታረቅኸው አንተ ነህ። ቁስሉን ሐኪሙም አየው፤ መዥገር የነከሰው ነው አለኝ።

ስንሻው፦ ያን የመሰለ ጎልማሳ በመዥገር ሊወድቅ? አሹፎብሻል።

የሻረግ፦ እኔም ሞገትኩት። ሳይሰለች ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። መዥገሯ በሽታዋን ደሙ ውስጥ ለቀቀችበት። ሳምንት ሙሉ ሲያተኩሰው፣ ራሴን ሲል፣ እኛ ብርድ ነው ብለን ጋቢ ደራረብንበት። በሽታው የአንጎሉን ደም ሥሮች አሳበጣቸው፤ ጠበቡና ደም አላሳልፍ አሉ። መድኃኒቱን ጀምረውለታል፤ ምን ያህል እንደሚድን ግን አላውቅም ብሎኛል።

ስንሻው፦ መዥገሯስ ከየት መጣች? ከቢራራ በሬ፣ ከቦራ ነዋ። የእኛ ዳለቻ ንጹሕ ነው።

የሻረግ፦ ከቦራ ነው። አብረው ስለሚጠመዱ አምባው እንደ ራሱ በሬ ነበር የሚያየው። ሲፈታው ከጆሮው ሥር መዥገር እየነቀለ በጥፍሩ ያፈርጥ ነበር።

ስንሻው፦ ይኸው፣ አንቺው መሰከርሽ። በሬውን የመዥገር መድኃኒት ሳያስረጭ ያጣመደው እሱ ነው።

የሻረግ፦ ቢራራ ትናንት መጥቶ አልጋው ሥር ተንሰቅስቆ ሄደ። የመድኃኒት ርጭቱ ዕለት ለቅሶ ነበረበትና ቦራንም ከዳለቻ ጋር እንድታስረጭለት ላንተ አስረክቦ ነበር።

ስንሻው፦ አዎ፣ ሰጥቶኛል።

የሻረግ፦ የከብት ሐኪሙን ጠየቅሁት። ያስረጨኸው ዳለቻን ብቻ ነው። ቦራን ግራር ሥር አስረህ ደረቁን መለስከው። ምን ብለህ?

ስንሻው፦ የድንበር ገፊን በሬ መዥገር ይጨርሰው ብዬ። እትዬ፣ እኔ ቢራራን ላቃጥለው ነበር። ወንድሜን እኮ አይደለም።

የሻረግ፦ ከትናንት ጀምሮ እኔንም ዱላ ሲያምረኝ ነው የዋልኩት።

ስንሻው፦ አምባው... ያውቃል?

የሻረግ፦ አያውቅም። ግባና ንገረው። የተያዘው አንደበቱ ነው፤ ጆሮው ይሰማል።