ቀብድ ያልሆነው ክፍያ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ስወርድ፣ ጎረቤቴን አቶ ኃይለ መስቀልን ባሕር ዛፍ ሥር አረፍ ብለው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ሶሬቲ ቆማለች፤ ሕግ ተምራ ጠበቃ ዘንድ የምትሠራ የሰፈራችን ልጅ ናት። ሲከራከሩ ነው የደረስኩት።

«እሰይ መጣህ! እስቲ አንተ ዳኘን» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ኃይለ መስቀል ለልማት ለተወሰደባቸው ቦታ ካሳ ተቀብለዋል። በዚያ ገንዘብ፣ ሁለት ልጆች ይዛ ቤታቸው ለተመለሰችው ልጃቸው ለሐመልማል በርገር ቤት ሊከፍቱላት ነው። አንድ ስመ ጥር ኩባንያ፣ ፍራንቻይዝ በሚባለው አሠራር፣ መሪ በሚባለው ሰፈር በስሙ ሦስት ቤት እንዲከፍቱ ፈቅዷል። ለዚህ መብት ግን የማስፋፊያ ክፍያ የሚባል ገንዘብ አስቀድመው መክፈል አለባቸው። የሚፈርሙት ነገ ነው።

«ቀብድ ማለት ነው!» አሉ ሽማግሌው። «ቀብድ ከዋጋው ይታሰባል። እነሱ ቢያፈርሱ እጥፍ ይመልሳሉ፤ እኔ ባይሆንልኝ ሽማግሌ ልኬ አስመልሳለሁ። ዕድሜ ልኬን ባሕር ዛፍ ስሸጥ የኖርኩት እንዲሁ ነው።»

«አባባ፣ ይሄ ቀብድ አይደለም» አለች ሶሬቲ። «የሚከፍሉት አካባቢው ለሌላ ሰው እንዳይሰጥብዎት ነው። እርስዎ እንደፈረሙ ኩባንያው ድርሻዬን ተወጥቻለሁ ይላል። አንዱን ከፍተው ሁለቱ ባይሳካልዎት የሦስቱም ገንዘብ ቀረ። ውሉ ተመላሽ አይሆንም ይላል።»

«የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ እኮ ሳቂታ ልጅ ነው። ‹አባቴ፣ ምንም አያስቡ፣ እንመልስልዎታለን› ብሎኛል።»

እኔ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። «ጋሼ፣ ሳቁን ባንክ ይቀበልልዎታል?»

ወደ ሶሬቲ ዞረው ተቆጡ። «ልጅ ልታስተምረኝ! ሰውን በወረቀት ማሰር ነውር ነው። እምነት የሚባል ነገር ጠፋ እንዴ?»

«እምነትማ አለ» አለች ረጋ ብላ። «ግን ያ ልጅ ነገ ሥራ ቢለቅ ቃሉን ማን ይመሰክርልዎታል? ያኔ ሐመልማልን ምን ይሏታል?»

የልጃቸው ስም ሲነሣ ፊታቸው ጠቆረ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ደግነቱ ድስቱ ገና አልተጣደም።

«ታዲያ ልተወው?» አሉ።

«ኧረ አይተዉት!» አለች ሶሬቲ። «ሥራው ደኅና ነው። ለአንድ ቤት ብቻ ይፈርሙ፤ ሲያዋጣ ሁለተኛው ይመጣል። አሁን የሚከፍሉት፣ ቤቱ ሲከፈት ኩባንያው ከሚጠይቀው የመክፈቻ ክፍያ ይቀነስልዎት። ኩባንያው ለሐመልማል የሚገባትን ሥልጠና ባይሰጥ ወይም ለሥራው ያገኙትን የኪራይ ቤት ሁሉ አይሆንም ቢል፣ ገንዘብዎ እንዲመለስ በውሉ ይጻፍ።»

«አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«ምን ችግር አለ!»

በማግስቱ አብረው ሄዱ። ሳቂታው ሰው ሳቁን አቆመ፤ ተከራከረ፤ በመጨረሻ የተባለው ሁሉ ተጻፈ።

ወር ሳይሞላ ያ ሰው ሥራውን ለቀቀ። አዲሱ ኃላፊ ሰውየው በአፉ ስለሰጠው ተስፋ የሰማው ነገር የለም፤ የተጻፈውን ግን አክብሮ ሥልጠናውን ሰጠ። ዛሬ ሐመልማል የራሷ ቤት ሥራ አስኪያጅ ናት፤ የልጆቿንም የትምህርት ቤት ክፍያ ራሷ ትከፍላለች። ለሁለተኛው ቤት የሚሆነው ገንዘብ ሳይነካ ባንክ ተቀምጧል።

አቶ ኃይለ መስቀል ደግሞ በር ላይ ተቀምጠው፣ ውል ሊፈርም ያሰበ ጎረቤት ሲያገኙ «ይመለሳል ወይ ብለህ ጠይቅ! ይመለሳል ካሉህ አስጽፍ!» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ልጅ ልታስተምረኝ ያሉት እርስዎ አልነበሩም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እኔው ነኝ!» አሉ እየሳቁ። «እሰይ፣ ከመክፈሌ በፊት አስተማረችኝ።»