ከሐይቁ ዳር የወጣው ጋሪ ሰባት መታጠፊያ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ተሻለች ዘገዬ
ዕድሜ፦ 48
የትምህርት ደረጃ፦ 12ኛ ክፍል ያጠናቀቁ
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ባቱ ከተማ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ፣ የቤት ቁጥር አዲስ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ጉዳዩ፦ በጋሪና በባጃጅ መካከል የደረሰ ግጭት

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ ምስክር፣ ትናንት ጥር 13 ቀን ከቀኑ 9፡30 ሰዓት ገደማ በቤቴ በረንዳ ላይ ሆኜ ያየሁትን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ያስገደደኝ የለም፤ እንዲያውም ሳልጠራ በራሴ እግር ነው የመጣሁት። የመጣሁበት ምክንያት ባለጋሪው አቶ ሰንበታ ኢዶሳ ጠጥቶ ሲነዳ በሰው ላይ ጉዳት አድርሷል ተብሎ ከትናንት ጀምሮ መታሰሩን፣ ከተረጋገጠበትም ዳግመኛ ጋሪ እንዳይነዳ እንደሚከለከል ስለሰማሁ ነው። ሰንበታ የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚህ ሌላ ሥራ አያውቅም።

የእኔ በረንዳ ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚወጣውን የአፈር መንገድ ከላይ እስከ ታች ያሳያል። ዳገት ነው ብል የደጋ ሰው ይስቅብኛል፤ ለመኪናም ምንም አይደለም። ቲማቲም ለጫነ ፈረስ ግን ዳገት ነው። በዚያ ሰዓት የፀሐይ ብርሃን ሐይቁ ላይ ጋደም ሲል ውሃው የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም። ከዚያ ብርሃን ውስጥ ብቅ የሚል ጋሪ ጎማ ያለው አይመስልም፤ እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል። ይህን ለማየት ብዬ የስፌት መኪናዬን ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሬ ካስቀመጥኩት አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። መርማሪው ወደ ጉዳዩ እንድገባ ስላሳሰቡኝ ገብቻለሁ።

ጋሪውን ያየሁት ታች ከዳገቱ መነሻ ካለው ግራር ሥር ሲደርስ ነው። የቲማቲሙ ሣጥን ከሰንበታ ራስ በላይ ተቆልሎ ነበር። ከግራሩ በኋላ ጋሪው ቀጥ ብሎ አልወጣም። ወደ ቀኝ ጠርዝ ሄደ፣ እዚያ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ወደ ግራ ጠርዝ ተሻገረ፣ እንደገና ዞረ። በምን ዓይነት አኳኋን ይሄድ ነበር ተብዬ ተጠየቅኩ። እሰይ፣ እንኳንም ተጠየቅኩ። የባጃጁ ሾፌር ጋሪው ይንገዳገድ ነበር ብሎ ቃል መስጠቱ ተነበበልኝ። መንገዳገድ ሌላ ነው። የሚንገዳገድ ሊወድቅ ሲል ይተርፋል፣ ተረፈ ሲሉት ሊወድቅ ይደርሳል፤ አንዱ እርምጃው ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። መወላገድም አልነበረም፣ ጎማው ደህና ነው። መዋለልም አልነበረም፣ የሚዋልል መድረሻውን ያላወቀ ነው። ጋሪው ይጥመለመል ነበር። እባብ በአሸዋ ላይ፣ የቡልቡላ ወንዝም በሜዳው ላይ እንደሚሄደው፣ ወደ ጎን የሚሄድ እየመሰለ ወደፊት ይሄድ ነበር። እኛ ሰፊዎች ዚግዛግ የምንለው አለ፤ የእሱ ማዕዘን ግን ሹል ነው። የሰንበታ መታጠፊያ ክብ ነበር፣ ለስላሳ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ።

እንዲህ የሚሄደው በምክንያት ነው። ፊት ለፊት ከወጣ ጭነቱ ሁሉ የሚያርፈው በፈረሱ ደረት ላይ ነው። አግድም አግድም ሲሄድ ዳገቱ ይለሰልስለታል፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ አንዴ ይተነፍሳል። ሰፈራችን ይህን ስለሚያውቅ የጫነ ጋሪ ሲወጣ ባጃጁም ሞተሩም ከግራሩ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን ማንም አያልፈውም።

ሰንበታ ራሱስ ይወዛወዝ ነበር ወይ ተብዬ ለተጠየቅኩት፣ አዎ፣ ይወዛወዝ ነበር። ያንጎራጉርም ነበር፣ አልዋሽም። ነጂው ሰካራም ሲሆን ግን መጀመሪያ ጋሪው ይሄዳል፣ ሰውየው በኋላ ይከተለዋል። ሰንበታ መጀመሪያ እሱ ያዘነብላል፣ ከዚያ ዳማው ፈረስ አንገቱን ያዞራል፣ ከዚያ ጎማው ይከተላል። በየመታጠፊያው «ሱታ፣ ዳማ ኮ፣ ሱታ» ይለዋል፤ ቀስ በል፣ ዳማዬ ማለቱ ነው። በዓል ሲሆን ጠላ ሲቀምስ አይቻለሁ። ትናንት ግን ከወደቀበት ሳነሣው ፊቴ ከፊቱ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር፤ የሸተተኝ ቲማቲምና የፈረስ ላብ ብቻ ነው።

ባጃጁ የመጣው ጋሪው ዳገቱን ካጋመሰ በኋላ ነው። ሾፌሩ ማናሴ ይባላል፣ ከሞጆ ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። ከግራሩ ሥር አልቆመም፣ ጡሩምባ ነፋ። ጋሪው ወደ ቀኝ ጠርዝ ሲሄድ መንገድ የለቀቀለት መሰለው። ሞጆ የከባድ መኪና አገር ነው፤ እዚያ ጥግ የያዘ ሰው እለፍ ማለቱ ነው። በግራ በኩል ገባ። ዳማው በዚያው ቅጽበት ዞሮ ወደ ግራ እየተመለሰ ነበር። ባጃጁ ከጋሪው እንጨት ጋር ተላትሞ ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኛ፤ የተሳፋሪዋ የወ/ሮ ሱሃይላ ክንድ ተሰበረ። ሰንበታም ወደቀ፣ ሣጥኖቹ ተደፉ፣ ቲማቲሙ እየተንከባለለ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ እሱም ቀጥ ብሎ አልወረደም።

ማናሴ ከቦዩ እየወጣ «ፋዘር፣ ጠጥተህ ለምን ትነዳለህ? መንገዱን እየለካኸው ነው እንዴ!» አለው። ሰንበታ አቧራውን እያራገፈ «የጠጣስ ዳማው ነው፤ ሐይቁን ሊጨርሰው ምንም አልቀረው» ሲል የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ማናሴ ፖሊስ የጠራው ያን ጊዜ ነው። ልጁ ቸኩሏል እንጂ ክፉ አይደለም፤ ሱሃይላን አቅፎ በረንዳዬ ላይ ያስቀመጣት እሱ ነው።

የጎማውን ፋና ቲማቲም ሊለቅም የመጣ ሰው ረግጦ አጥፍቶታል። ስለዚህ መርማሪው ከቃል ሌላ ማስረጃ እንዳለኝ ጠየቁኝ። አለኝ፣ ይዤ መጥቻለሁ። በዚያ ሰዓት የጎረቤቴን ልጅ የጋዲሴን የሰርግ ቀሚስ ጫፍ በመኪና እጠልፍ ነበር። የታዘዝኩት ቀጥ ያለ መስመር ነው። ዓይኔ ጋሪው ላይ ስለነበረ፣ ጋሪው በዞረ ቁጥር እጄም ጨርቁን ያዞር ኖሯል፤ ያወቅሁት ግርግሩ ካለፈ በኋላ ቀሚሱን ስዘረጋ ነው። በአረንጓዴ ክር ሰባት መታጠፊያ አለ። ቢለካ እያንዳንዱ አራት ጣት ነው፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ስምንተኛው ግማሽ ላይ ተቋርጧል፤ ክሩ የተበጠሰው ግጭቱን ሰምቼ ብድግ ስል ነው። ሰካራም እንዲህ አይነዳም። እኔ ራሴ አስቤበት ብሰፋው እንዲህ አይወጣልኝም።

ጋዲሴ ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን በጣቷ እየተከተለችው «እትዬ ተሹ፣ እንዳይተረትሩት፤ ዙሪያውን እንዲሁ ይጨርሱልኝ» አለችኝ። ሰርጓ የፊታችን እሑድ ስለሆነ ቀሚሱ ታይቶ እንዲመለስልኝ አመለክታለሁ። ስምንተኛውን መታጠፊያ ግን ሰንበታ ዳገቱን ሲወጣ እያየሁ ካልሆነ ከልቤ ፈጥሬ ልጨርሰው አልችልም።

የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያላልኩት አልተጨመረም፤ ካልኩት የተቀነሰ ቢኖር ስለ ሐይቁ ብርሃን የተናገርኩት ነው። በሐሰት ብመሰክር በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ተሻለች ዘገዬ

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ምልኬሳ ጉተማ

የመርማሪው ማስታወሻ፦ በቀሚሱ ጫፍ ላይ ሰባት ሙሉና አንድ የተቋረጠ መታጠፊያ ቆጥሬአለሁ። ጥር 15 ቀን ከግራሩ ሥር ቆሜ የጫኑ ሦስት ጋሪዎች ሲወጡ ተመልክቻለሁ፤ ሦስቱም እየተጥመለመሉ ወጥተዋል። ቀሚሱ ጥር 16 ቀን ከቀኑ 9፡30 ሰዓት ለምስክሯ ተመልሷል፤ ያደረሰው አቶ ሰንበታ በጋሪው ነው።