ሲደክም የሚከደን ዐይን

እስቲ ፍረዱኝ! ዐይኔ ጧት ጧት ደህና ነው። ብዙ ሳነብ ወይም ሲመሽ ግን ፊደሉ ሁለት ሁለት ይሆንብኝና የዐይኔ ቆብ በራሱ ይወድቃል። የአንኮበር ሰው «መሪጌታ ማኅሌት ላይ ያንቀላፋሉ» እያለ ሲያማኝ፣ ደብረ ብርሃን ሄጄ አደርኩና በማለዳ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ድሬሰሩ ዐይኔን በባትሪ አይቶ «ምንም የለብዎትም» አለኝ። «ሲደክመኝ ነው የሚከደነው» ስለው «ሲደክምዎትማ ይተኙ!» ብሎ አስወጣኝ።

ብግን ብዬ በረንዳው ላይ ከበሽተኞቹ መሐል ተቀመጥኩና ዳዊቴን ገለጥኩ። ሳነብ ሳነብ የዐይኔ ቆብ ሲወድቅልኝ ደስ አለኝ፤ ድሬሰሩ ወጥቶ እንዲያየኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ የቀረውን በቃሌ ቀጠልኩ። እውነትም ብቅ ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ በሽተኞቹ ዞሮ «እባካችሁ አትንጫጩ፤ መሪጌታ በእንቅልፍ ልባቸው እየጸለዩ ነው» አላቸው።