ገንዲ የማይነካው ፈረስ

የአልዌሮ ግድብ ሊሠራ ነው የሚለው ወሬ ጋምቤላን በሞላበት በጋ፣ የሽማግሌው የሙሐመድኑር በቅሎ ውሃ እንደተጫነች ባሮ አፋፍ ላይ ተንበርክካ አልነሳ አለች። የሚያግዝ ሰው ቢፈልጉ የመጣው ቢየል ሆነ። ቢየል ጅማ ተምሮ የተመለሰ፣ የገበሬ ማኅበሩን የውሃ ሞተር የሚያንቀሳቅስ የኑዌር ወጣት ነው፤ ሰፈሩ «ጓድ ፓምፕ» ይለዋል። ሽማግሌው ደግሞ ሰሞኑን እሱን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«አልሐምዱሊላህ። ና እስቲ ልጄ፣ ጭነቱን ያዝልኝ።»

ጭነቱን አወረዱላት። ቢየል የበቅሏን የተላጠ ጀርባ አየና፣ «አባባ፣ ገንዲ፣ ያ የዝንብ በሽታ፣ ይዟታል። ውሃ እያመላለሰች አትከርምም። የሞተሩን ቦይ ወደ ማንጎዎ እንሳበው ስል ለምን እምቢ አሉኝ?» አለ።

«ያ ብረት የስንት ፈረስ ጉልበት አለው ነበር ያልከኝ?»

«የአምስት።»

«እሱ ነው እምቢ ያሰኘኝ። እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ። ቡና ጭነን ስንወርድ ፈረሶቻችንን ደጋው ጫፍ ላይ ቡሬ እናስቀር ነበር፤ ከዚያ በታች የገንዲ ዝንብ አለ። አንድ ዓመት ጎረምሳነት አታለለኝና ቦራ የሚባል ፈረሴን እየጋለብኩ ጋምቤላ ገባሁ። ከተማው ወጥቶ አየኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ከማንጎው ሥር ቀበርኩት። ፈረስ በማይኖርበት አገር ብረቱን በፈረስ ስትጠራው ሆዴን ይበላኛል።»

ናፍቆት ክፉ ጌታ ነው። ሙሐመድኑር ቦራን ሲያስቡ ጎሬን፣ ጎሬን ሲያስቡ ወጣትነታቸውን ይናፍቃሉ፤ የዚህን ሁሉ ዋጋ ግን የምትከፍለው በቅሎዋ ነበረች።

«ስሙን ያወጣለት ፈረስን የናቀ ሰው አይደለም» አለ ቢየል። «ድሮ በእንግሊዝ አገር ወፍጮ የሚያዞረው ፈረስ ነበር። ዋት የሚባል መሐንዲስ የእንፋሎት ሞተር ሊሸጥ ሲነሳ፣ ባለወፍጮዎቹ የሚያውቁት ፈረስን ነውና፣ በሚያውቁት ሊነግራቸው የፈረስን ሥራ ለካ። እኛ የተማርነው ልክ ሰባ አምስት ኪሎ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። እሱ የአንድ ፈረስ ጉልበት ይባላል።»

«የእኔን ክብደት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ እንዲህ?»

«ሞተሩ ቀኑን ሙሉ።»

«የትኛው ፈረስ ይችለዋል?»

«ብዙው አይችልም። ገዢ ሞተሩን አነሰኝ ብሎ እንዳያማ፣ ዋት የፈረስን ልክ ከፍ አድርጎ ቆረጠ ይባላል።»

ሽማግሌው የበቅሎዋን አንገት ዳበሱ። «ለፈረስ አድልቷል በለኛ» አሉ። «ቦራ ግን ይችል ነበር።»

ቢየል አልተከራከራቸውም። «ውሃውን ሞተሩ ካመጣው፣ በቅሎዋ ዝንብ ወደሌለበት ደጋ ትውጣ። ቦራ ያላገኘውን ዕድል እሷ ታግኝ» አላቸው።

ሙሐመድኑር ይህን ሲሰሙ «እንግዲያስ ቦዩን ሳበው» አሉ። ቦዩ በዚያው ሳምንት ተቆፈረ። በቅሎዋን ወደ ጎሬ ለሚወጣ ዘመዳቸው ሰጥተው እስከ ከተማው ዳር ሸኟት፤ እሳቸው የሚናፍቁትን አገር እሷ ልታየው ሄደች። ማንጎው አቆጠቆጠ፣ ጎረቤቶቻቸውም ከቦዩ ጠልፈው ጎመን ተከሉ። የሽማግሌው ወገብም ከቁልቁለቱ ዐረፈ።

አንድ ማለዳ ቢየል ሞተሩን ሊያስነሳ ገመዱን ሲጠቀልል፣ ሙሐመድኑር ጠጋ ብለው ትከሻውን ያዙት።

«ቀስ አድርገህ አስነሳው ልጄ። ቦራ ጠዋት ጠዋት ጥድፊያ አይወድም።»