የማዶ ሰዎች አስተርጓሚ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከከተማውም ከረግረጉ ማዶም ደክማችሁ የመጣችሁ ዘመዶችና ወዳጆች፤ ይህን ወረቀት የማነብላችሁ እኔ የሟች የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ነኝ። ጽሑፉን ያሰናዳሁት እኔ ብሆንም፣ አክስቴ ከሁለት ዓመት በፊት አስጠርተውኝ ምን እንደሚጻፍ አንድ በአንድ ነግረውኛል፤ "ለቀብር ብለህ እንዳታሳምረኝ" ብለውም አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ አንዳንዱ ነገር ለጆሮ የሚከብድ ቢሆን፣ የራሳቸው ፈቃድ መሆኑን አውቃችሁ እስከ መጨረሻው እንድታደምጡኝ እለምናለሁ።

አክስቴ የተወለዱት ከረግረጉ ማዶ፣ ታችኛው መንደር በሚባለው ቦታ ነው። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ፣ እናታቸው ደንገል አጭደው ከተማ ወስደው የሚሸጡ ሴት ሲሆኑ፣ እርሳቸው ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። የተወለዱበት ሕዝብ በወረዳው ውስጥ ከሁለት ሺህ ነፍስ የማይበልጥ፣ የራሱ ቋንቋ ያለው፣ የከተማው ሰው "ማዶዎች" እያለ የሚጠራው፣ በመንግሥት ቅጽ ላይ ግን ስሙ የማይገኝና "ሌሎች" ከሚለው ቃል አጠገብ ባለችው ሣጥን ምልክት የሚደረግለት ሕዝብ ነው። ይህ ትንሽ ሕዝብም ቢሆን በላይኛውና በታችኛው መንደር ተከፍሎ፣ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ውሃና ጭቃ ተለያይቶ የሚኖር ሲሆን፣ ቋንቋው አንድ ነው ቢባልም አንዳንዱ ቃል ከመንደር መንደር ትርጉሙን ይለውጣል። ማዶዎች ይህን ስለሚያውቁት በተገናኙ ቁጥር ሲሳሳቁበት ይውላሉ፤ ከእነርሱ ውጭ ያለ ሰው ግን ልብ ብሎት አያውቅም ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው እናታቸው ወደ ከተማ አምጥተው ከሚያውቋቸው አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ለትምህርት አስቀመጧቸው። ልብስ ሰፊዋ ደግ ሴት ነበሩ፤ እንደ ልጃቸው አብልተው፣ ከተረፈ ጨርቅ ቀሚስ ሰፍተው አሳደጓቸው፤ ነገር ግን በትምህርት ቤት እንዳይሳቅባቸው በማሰብ የማዶን ቋንቋ ከደጅ ትተው እንዲገቡ አዘዟቸው። መምህሩም ከማዶ የመጡትን አራት ልጆች በአራት ማዕዘን በታትነው ስላስቀመጧቸው፣ ቋንቋው አፋቸው ላይ እየደረቀ ሄደ። ለእረፍት ወደ መንደራቸው ሲመለሱ እናታቸው አነጋገራቸውን ሰምተው ይስቁ ነበር፤ በኋላ ግን ሳቁን ተዉት። አክስቴ ስለዚህ ጊዜ ሲናገሩ፣ ቁመቴ ሲያድግ ቋንቋዬ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ቀረ ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ የወረዳው ፍርድ ቤት የማዶ ቋንቋ አስተርጓሚ ስለፈለገ ተወዳደሩ፤ ተወዳዳሪዋም እርሳቸው ብቻ ስለነበሩ አንደኛ ወጡ፤ ይህንንም እየሳቁ ያወሩት ነበር። ችሎቱ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ የእርሳቸው ቦታ በተከሳሹ መቆሚያ ሳንቃና በዳኛው ጠረጴዛ መካከል፣ ከጸሐፊዋ የጽሕፈት መኪና አጠገብ ነበር። ዝናብ ሲመጣ የክዳኑ ድምፅ ሰው ስለማያሰማማ ችሎቱ ይቋረጣል። በዚያች ክፍል ውስጥ ለስድስት ዓመታት ያህል የድንበር ጠብና የከብት ነገር እያስተረጎሙ ሲሠሩ፣ የማያውቁት ቃል ባጋጠማቸው ቁጥር ከፊቱና ከኋላው ገምተው ያልፉት እንደነበር፣ ይህንንም ለማንም ትንፍሽ ብለው እንደማያውቁ ነግረውኛል። ማዶ ሆና የማዶን ቋንቋ አታውቅም መባልን ከምንም ነገር በላይ ይፈሩት ነበርና።

በዚሁ ጊዜ የወረዳው የውሃ ፓምፕ መካኒክ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። የመካኒኩ ቤተሰብ መጀመሪያ ላይ ቅር ቢለውም፣ መካኒኩ በያዙት ነገር የማይበገሩ ሰው ስለነበሩ ትዳሩ ጸና። ባለቤታቸው ከማዶ ቋንቋ አጥርተው የሚያውቋት "ጭቃ" የምትለዋን ቃል ብቻ ስለነበረች፣ ለአማቶቻቸው ሰላምታም፣ ምስጋናም፣ ስንብትም በእርሷ ያቀርቡ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እመጣለሁ። በአክስቴ ሃያ ዘጠነኛ ዓመት፣ ከረግረጉ ዳር ለእርሻ የሚሰጥ መሬት ሊለካ የመጣ አንድ ቀያሽ በላይኛው መንደር መንገድ ላይ፣ ከዛፍ ሥር ራሱን ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ከሁለት ቀን በፊት ችካል ሲተክል ከአንድ ምንጣፍ ሠሪ ጋር መጨቃጨቁን ያዩ ምስክሮች ስለነበሩ፣ ምንጣፍ ሠሪው ተይዘው ቀረቡ። እኚህ ሰው ከላይኛው መንደር ወጥተው የማያውቁ፣ ከራሳቸው ቋንቋ ሌላ የማይሰሙ፣ ባለትዳርና የአንዲት የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አባት ነበሩ። ነገሩን ለማየት ከበላይ ፍርድ ቤት የመጡት ዳኛ በዚያ ቀን ሌላ ሁለት መዝገብ ነበራቸው፤ ሰማዩም ጠቁሮ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ክዳኑን መምታት ጀምረው ነበር። ምንጣፍ ሠሪው ቀያሹን ከመንገዱ ዳር ካለ ገደል ሥር ወድቆ እንዳገኙት፣ በጀርባቸው እንደ ተሸከሙትና እስከ ዛፉ እንዳደረሱት ሲናገሩ አክስቴ ሁሉንም በትክክል አስተረጎሙ። ዳኛውም ከዛፉ ሥር ሲደርሱ ምን እንዳደረጉት ጠየቁ። ሰውዬው በአንዲት ቃል መለሱ፤ እየመለሱም ጎንበስ ብለው፣ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልጠው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያሳርፍ ሰው ቀስ አድርገው ወደ ታች ዝቅ አደረጓቸው።

ቃሏ በታችኛው መንደር ሰውን መትቶ መጣል ማለት ናት። አክስቴ እጆቹን አይተዋል፤ ቃሏና እጆቹ እንዳልተስማሙላቸውም በዚያች ቅጽበት ተሰምቷቸዋል፤ ዝናቡ ግን እየበረታ ነበር።

"ምን አለ?" አሉ ዳኛው።

"ጣልኩት ይላል" አሉ አክስቴ።

ጸሐፊዋም በጽሕፈት መኪናው መታችው። ከገደል ሥር ወድቆ ተገኘ መባሉ ማምለጫ ነው ተብሎ፣ ምንጣፍ ሠሪው የአሥራ ሁለት ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው ሩቅ ወዳለው እስር ቤት ተወሰዱ፤ ሲወጡም ምን እንደ ተባሉ አልገባቸውም ነበርና አክስቴን ዞር ብለው ተመለከቷቸው፤ በዚያን ጊዜ ፍርዱን ያስተረጎሙላቸውም አክስቴ ናቸው።

ከሦስት ዓመት በኋላ አክስቴ የመጀመሪያ ልጃቸውን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ተሰልፈው ሳለ፣ ነርሷ ከአንዲት የላይኛው መንደር እናት ጋር መግባባት አቅቷት እንዲያስተረጉሙ ለመነቻቸው። ነርሷ ያተኮሰውን ሕፃን አልጋው ላይ እንዲያሳርፉት ነገረቻቸው፤ እናትየውም ሕፃኑን በሁለት መዳፋቸው ዝቅ አድርገው አስተኙትና ቀና ብለው ያችኑ ቃል ተናገሩ። አስተኛሁት ማለታቸው ነበር። አክስቴ ልጃቸውን ሳያስከትቡ ወደ ቤታቸው እንደ ተመለሱ፣ በየትኛው መንገድ እንደ ሄዱም እንደማያስታውሱ ነግረውኛል።

በማግሥቱ ለበላይ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ደብዳቤ ጻፉ፤ በደብዳቤውም ላይ ስህተቱ የእርሳቸው መሆኑን፣ እጆቹንም ማየታቸውን ገለጡ። እዚህ ላይ በግልጽ እንዲነበብ ያዘዙኝ ነገር አለ፤ ደብዳቤው ሳይላክ አምስት ወር በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሥራዬን አጣለሁ፣ በሐሰት ትርጉም እከሰሳለሁ፣ ማዶዎችም ያለ አስተርጓሚ ይቀራሉ እያሉ ራሳቸውን ሲያሳምኑ፣ በየሳምንቱ መሳቢያውን ከፍተው ሲዘጉ ከረሙ። በስድስተኛው ወር ባለቤታቸው ደብዳቤውን አግኝተው አነበቡና ኮታቸውን ለብሰው ቆሙ፤ ሁለቱም አብረው ሄደው ለመዝገብ ቤት አስረከቡት። መልሱ በሃያ ቀን መጣ። ፍርደኛው ከሦስት ወር በፊት በሳንባ ሕመም ማረፋቸውንና በእስር ቤቱ መቃብር መቀበራቸውን፣ መዝገቡም የተዘጋ መሆኑን የሚገልጽ ባለ ሁለት መስመር ወረቀት ነበር።

አክስቴ ያን ወረቀት ይዘው ረግረጉን ተሻግረው ላይኛው መንደር ሄዱ። የምንጣፍ ሠሪው ባለቤት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የባላቸውን ሥራ እየሠሩ፣ ልጃቸው ደንገሉን እየሰነጠቀች ስታቀብላቸው ነበር የደረሱት። ሁሉንም፣ አምስቱንም ወር ሳይቀር ነገሯቸው። ሴትየዋ ጣታቸው ከምንጣፉ ሳይነሣ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"እጆቹን አላየሽም?"

"አይቻለሁ።"

ሴትየዋ ምንጣፉን መሥራታቸውን ቀጠሉ። አክስቴ እስኪመሽ እዚያው ቆመው፣ ማንም ሂጂም ተቀመጪም ሳይላቸው ተመለሱ።

ፍርድ ቤቱ በዲሲፕሊን ቢያሰናብታቸውም፣ ጤና ጣቢያው በአስተርጓሚነት ቀጠራቸውና እስከ ጡረታቸው ድረስ ለሃያ ስድስት ዓመታት አገለገሉ። በዚህም ጊዜ በየዓመቱ ፈቃዳቸውን ላይኛው መንደር እየሄዱ፣ ከሕፃናት መካከል ተቀምጠው፣ ማን እንደ ሆኑ ከሚያውቁና ፊት ከሚነሷቸው ሰዎች ጭምር ቃል በቃል ተማሩ። በሁለቱ መንደር የሚለያዩትን ስድስት መቶ አርባ ቃላት በደብተር አሰናድተው፣ ሳይታክቱ ከቢሮ ቢሮ በመመላለስ በማዶዎች ጉዳይ ሁሉ ከየመንደሩ አንድ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት አስተርጓሚ እንዲቆም አስወሰኑ። ተናጋሪው ያለውን መልሰው ራሱን ሳይጠይቁ አንዲት ቃል አያሻግሩም ነበር፤ ከልማድ ብዛትም ደህና አደሩ ያላቸውን ጸጉር አስተካካይ እንኳ "ምን ማለትህ ነው?" ብለው ስለጠየቁ፣ የከተማው ሰው "እትዬ ምን-ማለትህ" የሚል ስም አወጣላቸው፤ ስሙን ይወዱት ነበር።

የማይወዱት ሌላ ነበር። በሁለት እጃቸው ይዘው ዝቅ አድርገው የሚያስቀምጡት ነገር ሁሉ እነዚያን እጆች ያመጣባቸው ነበር። ልጆቻቸውን አልጋ ላይ አስተኝተው አያውቁም፤ ታቅፈው ተቀምጠው አባታቸው እስኪመጡና እስኪያስተኟቸው ይጠብቁ ነበር። ዳቦ ቤት ሻጩ ትሪውን ዝቅ ሲያደርግ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ከያዙት ሥራ ተነሥተው በር ላይ ይቆማሉ፤ አንድ ሰው ከኋላቸው ቆሞ መልስ የሚጠብቅ ይመስላቸው ነበር። ልጆቻቸውንም የማዶን ቋንቋ አላስተማሯቸውም፤ ለምን ብለን ብንጠይቃቸው፣ ያልያዙት ቋንቋ ሰው አያሳስትም አሉን።

የምንጣፍ ሠሪው ልጅ አድጋና ተምራ ነርስ ሆና እዚያው ጤና ጣቢያ ተመደበች። ሁለቱ በአንድ ግቢ ዘጠኝ ዓመት ሲሠሩ ከበሽተኛ ጉዳይ በስተቀር አንድ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። አክስቴ ዕለት ዕለት ያስተረጉሙላት፣ እርሷም ዕለት ዕለት ትጽፍ ነበር።

ባለቤታቸው ካረፉ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በዚህ ወር መጀመሪያ ላይ፣ አክስቴ ድንገት ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሲነቁም የከተማው ቋንቋ ከአፋቸው ጠፍቶ የማዶን ብቻ ይናገሩ ጀመር። ልጆቻቸው ቋንቋውን አይሰሙም፤ አባቴ ቀድሞ አርፏል፤ እኔም ከተማ ያደግሁ ነኝ። አክስቴ አንድ ነገር አጥብቀው ሲለምኑን ውሃ ይሁን ትራስ ሳናውቅ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ነርሷ ማንም ሳይጠራት መጣችና ከአልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ለአሥራ አንድ ቀንም ከሥራዋ መልስ እየመጣች አስተረጎመችልን። መስኮት ክፈቱ ይላሉ፣ ጎኔን አዙሩኝ ይላሉ፣ ልጄ ፀጉሯን ትበጠር ይላሉ ትለን ነበር።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ ዓይናቸውን ነርሷ ላይ ጥለው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ነርሷ የእጃቸውን አንጓ ይዛ እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸው። ልጃቸው ምን እንዳሉ ጠየቀቻት።

"ለእኔ የተነገረ ነው" አለች፤ "አልተረጉመውም።"

ከዚያም ጎንበስ ብላ በዚያው ቋንቋ አጭር ነገር መለሰችላቸው፤ እርሱንም አልነገረችንም። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ አክስቴ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ይህን ጽሑፍ ከማንበቤ በፊት ወስጄ አሳይቻታለሁ። በመካከላችሁ ተቀምጣ ስለምትሰማኝ ያለችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ። "ይነበብ" አለችኝ። "ግን ይቅር ብላለች ብለህ እንዳትጽፍ፤ አላለችም ብለህም እንዳትጽፍ።"

አክስቴ የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ከእነርሱም ሌላ እኔንና ሁለት እኅቶቼን፣ በታችኛው መንደር ያሉ የአጎቶቻቸውን ልጆች፣ በጤና ጣቢያው አብረዋቸው የሠሩትን፣ በደብተራቸውም የሚሠሩትን ሁለቱን አስተርጓሚዎች ትተው ሄደዋል።

እኚያ ምንጣፍ ሠሪ በተቀበሩበት ቀን ታሪካቸውን ያነበበላቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ አክስቴ ባዘዙት ቅደም ተከተል፣ ሁላችንም ተነሥተን፣ አስቀድመን ለእርሳቸው እንጸልይ፤ የወደቀ ሰው ተሸክመው ያሳረፉትን እኚያን ሰው ፈጣሪ በቀኙ ያሳርፋቸው። ቀጥሎም ለአክስቴ፤ ቋንቋ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ በሚሰማበት ፊት ቀርበዋልና፣ የሚናገሩትን በምሕረት ይስማቸው። አሜን።